በበዓል ሰሞን ሞት ሲያጋጥም፦ ቢሮ በተዘጋበት ቀን የሞት ምዝገባ እንዴት ይካሄዳል?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ስለ ታክስና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ማንም ሰው ቀድሞ ሊያስበው የማይወደው ጉዳይ ነው። ሆኖም ሞት ቀን አይመርጥም። ሱቅ ያለው፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በገና ዋዜማ ቢያርፍ፣ ኀዘኑ ሳያንስ ቤተሰቡ በየቢሮው በር ላይ «ዝግ ነው» የሚል ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝና በዌልስ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በዚያን ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በስኮትላንድና በሰሜን አየርላንድ ሕጉ የተለየ ስለሆነ በዚያ የምትኖሩ ለየብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ ያህል በስኮትላንድ ለምዝገባ የተሰጠው ጊዜ 8 ቀን ሲሆን፣ ኮሮነር የሚባል ሹምም የለም።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አንድ ሚኒካብ የሚነዳ፣ ከባለቤቱም ጋር አንዲት አነስተኛ ኦፍ ላይሰንስ ሱቅ ያለው ወገናችን ለረጅም ጊዜ ታሞ ሲታከም ቆይቶ፣ ረቡዕ ዲሴምበር 24 ቀን 2025 ማታ በቤቱ አረፈ እንበል። ሐሙስ 25 የፈረንጆች ገና ነው። ዓርብ 26 ቦክሲንግ ዴይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይከተላሉ። ቢሮዎች የሚከፈቱት ሰኞ 29 ነው። ሐሙስ ጃንዋሪ 1 ደግሞ እንደገና ይዘጋሉ። ባለቤቱ ቀብሩን ማሰብ፣ ልጆቹን ማጽናናትና ለቀስተኛ መቀበል አለባት፤ ሱቁም ሰው ይፈልጋል፤ መኪናውም ደጅ ቆሟል። እንግዲህ ከየት ትጀምር?

የሚዘጉት ቀናት የትኞቹ ናቸው?

በእንግሊዝና በዌልስ መደበኛ የባንክ ሆሊደይ ቀናት በዓመት 8 ናቸው። እነዚህም የአዲስ ዓመት ቀን፣ የስቅለት ዓርብ፣ የፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ የሜይ የመጀመሪያው ሰኞ፣ የሜይ የመጨረሻው ሰኞ፣ የኦገስት የመጨረሻው ሰኞ፣ የገና ቀንና ቦክሲንግ ዴይ ናቸው። የገና ቀን፣ ቦክሲንግ ዴይ ወይም የአዲስ ዓመት ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ በምትኩ ሌላ የሥራ ቀን ይዘጋል። ከሁሉ የሚከፉት ሁለት ወቅቶች ናቸው። አንደኛው የፈረንጆች ፋሲካ ሲሆን ከዓርብ እስከ ሰኞ አራት ቀን በተከታታይ ይዘጋል። ሁለተኛው ከገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሰሞን ነው።

የእኛ በዓላት ደግሞ በሌላ ቀን ስለሚውሉ ነገሩ ተቃራኒ ይሆናል። በእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ቀን የካውንስሉ ቢሮ ክፍት ነው፤ ካህኑ፣ የእድሩ ሊቀ መንበርና ኤምባሲው ግን በዓል ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱንም የቀን መቁጠሪያ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ሌሊት ማን ዘንድ ይደወላል?

ሰውየው ታሞ ሞቱ ይጠበቅ ከነበረና በቤቱ ካረፈ ወደ ጂፒው ይደወላል። ጂፒው ከተዘጋ ወደ 111 ይደወላል። ይህ መሥመር ሌሊትም ሆነ በዓል ሳይል ይሠራል። መሞቱን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ይልካሉ። ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ ግን የሚደወለው ወደ 999 ነው። በዚህ ጊዜ ከአምቡላንሱ ጋር ፖሊስ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች ፖሊስ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ነገር ግን ይህ የተለመደ ሥርዓት እንጂ ክስ አይደለም። እስኪመጡ ድረስ አስከሬኑን ከቦታው አያንሡ፤ አይጠቡ፤ በክፍሉ ያሉትን መድኃኒቶችም አይንኩ።

መሞቱ በባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ ኮሮነር የሚመለከተው ጉዳይ ካልሆነ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት አስከሬኑን ወስዶ በማቀዝቀዣ ሊያቆይ ይችላል። ለዚህ ምዝገባው እስኪፈጸም መጠበቅ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ድርጅቶች በበዓል ቀንም ስልክ ያነሣሉ። ከመስማማትዎ በፊት ዋጋ ይጠይቁ። ከ2021 ጀምሮ ማንኛውም የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት አንድ ወጥ የሆነ የዋጋ ዝርዝር በግልጽ እንዲያሳይ ግዴታ አለበት። በኀዘን ሰዓት ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለሟችም ንቀት አይደለም። ሱቅዎ ውስጥ ዕቃ ሲገዙ እንደሚጠይቁት ሁሉ ይጠይቁ።

የሐኪሙ ወረቀት ዛሬ በቤተሰብ እጅ አይሄድም

ቀደም ባሉት ዓመታት ሐኪሙ የሞቱን ምክንያት ጽፎ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ለቤተሰብ ይሰጥ ነበር፤ ቤተሰቡም ወደ መዝጋቢው ይወስደዋል። ይህ አሠራር ተለውጧል። ከሴፕቴምበር 9 ቀን 2024 ጀምሮ ኮሮነር የማይመረምረው ማንኛውም ሞት በሜዲካል ኤግዛሚነር መታየት አለበት። ሜዲካል ኤግዛሚነር ማለት በሕክምናው ያልተሳተፈ ሌላ ከፍተኛ ሐኪም ነው። ሟቹን ያከመው ሐኪም ምክንያቱን ይጽፋል፤ ሜዲካል ኤግዛሚነሩ መዝገቡን ያያል፤ እርሱ ወይም የቢሮው ባልደረባ ለቤተሰብ ደውሎ ስለ ሕክምናው ጥያቄ ወይም ቅሬታ እንዳለ ይጠይቃል፤ ከዚያም ወረቀቱን በቀጥታ ለመዝጋቢው ቢሮ ይልካል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከማያውቁት ቁጥር ስልክ ሲደወል ያንሡ። በለቅሶ ቤት ስልክ አጥፍቶ መቀመጥ ልማዳችን ቢሆንም፣ ያ ስልክ ካልተነሣ ወረቀቱ ሊዘገይ ይችላል። እንግሊዝኛ የሚቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ የቤተሰብ ሰው ቁጥር ይስጡ። ሁለተኛ፣ በሕክምናው ላይ ያሳሰበዎት ነገር ካለ የሚናገሩበት ጊዜ ይህ ነው። ከቀብር በኋላ በእድር ላይ ከመነጋገር በዚያ ስልክ ላይ መናገር ይበልጣል።

አምስቱ ቀናት እንዴት ይቆጠራሉ?

ሕጉ ሜዲካል ኤግዛሚነሩ ወረቀቱን ለመዝጋቢው ቢሮ ከላከ ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ሞቱ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅዳሜ፣ እሑድና ባንክ ሆሊደይም ከአምስቱ ቀን ውስጥ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ ቀኑ የሚቆጠረው ከሞቱ ሰዓት ይመስለውና ገና በመጀመሪያው ቀን ይጨነቃል። ሌላው ደግሞ «በዓል አይቆጠርም» ብሎ ይዘናጋል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሰኞ ዲሴምበር 29 ሐኪሙ ምክንያቱን ጻፈ፤ ማክሰኞ 30 ሜዲካል ኤግዛሚነሩ አጽድቆ ላከ እንበል። አምስቱ ቀናት ረቡዕ 31፣ ሐሙስ ጃንዋሪ 1፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 3ና እሑድ 4 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቢሮው በእርግጥ የሚከፈተው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። አንዳንድ ቢሮ ቅዳሜ ጠዋት ይከፍት ይሆናል። ከበዓል በኋላ ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱ መላኩን እንደሰሙ በዚያው ሰዓት ደውለው ወይም በካውንስሉ ድረ ገጽ ቀጠሮ ይያዙ። ጥፋቱ የእርስዎ ሳይሆን ቀጠሮ ጠፍቶ አምስቱ ቀን ቢያልፍ መዝጋቢው ጊዜውን ሊያራዝም ስለሚችል አይደናገጡ፤ ነገር ግን ዝም አይበሉ፤ ቀጠሮ የጠየቁበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ጽፈው ያስቀምጡ።

በተቻለ መጠን ሰውየው በሞተበት አካባቢ ወዳለው ቢሮ ይሂዱ። በእንግሊዝና በዌልስ ባለ በማንኛውም ቢሮ ቀርቦ ቃል መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ወደ ትክክለኛው ቢሮ እስኪሄድ ተጨማሪ ቀን ይወስዳል። በበዓል ሰሞን ያ ተጨማሪ ቀን ሦስትና አራት ቀን ሊሆን ይችላል።

ቀብሩ ቶሎ መፈጸም ካለበት

በእስልምና ሃይማኖት ቀብር ሳይዘገይ እንዲፈጸም ይፈለጋል። በክርስቲያኑም ዘንድ አስከሬን ማቆየት ልማዳችን አይደለም። ለዚህ የሚሆን አሠራር አለ። ብዙ ካውንስሎች በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓል ቀን ለአስቸኳይ ቀብር ብቻ የሚሠራ ተረኛ መዝጋቢ አላቸው። ቁጥሩ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ወይም ቢሮው ሲዘጋ በሚናገረው ስልክ ላይ ይገኛል። መዝጋቢው የሐኪሙ ወረቀት ከደረሰው ዋናው ምዝገባ ሳይፈጸም ለቀብር የሚያገለግል ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ሙሉው ምዝገባ ቢሮው ሲከፈት ይከናወናል። ቀብሩ ስለተፈጸመ ምዝገባው ቀረ ማለት አይደለም።

ነገር ግን በአንድ በር ማለፍ ብቻውን አይበቃም። በሩ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሐኪሙና ሜዲካል ኤግዛሚነሩ፣ ሁለተኛው መዝጋቢው፣ ሦስተኛው የመቃብር ቦታው ነው። ተረኛ መዝጋቢ ቢገኝም የሐኪሙ ወረቀት ካልደረሰው የሚሰጠው ፈቃድ የለም። ፈቃድ ቢገኝም መቃብሩ በበዓል ቀን ካልተከፈተ ቀብር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ስልክ ሲደውሉ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ። ለሆስፒታሉ ወይም ለጂፒው «ቀብሩ በሃይማኖት ምክንያት አስቸኳይ ነው፤ በበዓል የሚሠራ ሜዲካል ኤግዛሚነር አለ ወይ?» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ለመቃብሩም የበዓል ቀን ተጨማሪ ክፍያ መኖሩን ይጠይቁ። ብዙ ካውንስሎች ነዋሪያቸው ላልነበረ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ እንደሚያስከፍሉም አይርሱ።

ጉዳዩ ኮሮነር ዘንድ ከሄደ

ሞቱ ድንገተኛ ከሆነ፣ ምክንያቱ ካልታወቀ፣ በመኪና አደጋ፣ በሥራ ላይ ወይም በሰው እጅ ከደረሰ ጉዳዩ ወደ ኮሮነር ይሄዳል። ታክሲ ነጂ መሪ እንደያዘ ቢያርፍ፣ ባለ ሱቅ በሌባ ቢመታ፣ ከመዝጋቢው በፊት ኮሮነሩ አለ። በዚህ ጊዜ አምስቱ ቀን አያስጨንቅዎ፤ ኮሮነሩ ውሳኔ እስኪሰጥ ምዝገባ አይካሄድም። ምርመራው በፍርድ መልክ የሚታይ ከሆነ ኮሮነሩ ሞቱን የሚያረጋግጥ ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጣል። ያንን ይዞ ባንክንና ሌሎች ድርጅቶችን ማነጋገር ይቻላል፤ አስከሬኑም ምርመራው በሙሉ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ለቀብር ሊለቀቅ ይችላል።

ለኮሮነሩ ቢሮ የሃይማኖትዎን ሥርዓት ለመንገር አያፍሩ። በ2018 በለንደን ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ኮሮነር የሃይማኖትን አስቸኳይነት ፈጽሞ ሳያይ ሁሉንም በወረፋ ብቻ አስተናግዳለሁ ማለቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወስኗል። ይህ ማለት የጠየቀ ሁሉ ይፈቀድለታል ማለት ሳይሆን፣ ጥያቄው መታየት አለበት ማለት ነው። አስከሬኑ ሳይቀደድ በስካን መመርመር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ፤ በአንዳንድ አካባቢ ቤተሰቡ ከፍሎ ይደረጋል።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ

ከእንግሊዝና ከዌልስ አስከሬን ለማውጣት በአካባቢው ለሚገኘው ኮሮነር በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ቅጹ 104 ቁጥር ይባላል። ኮሮነሩ ቀደም ብሎ ካልፈቀደ በስተቀር በመካከል አራት ሙሉ ቀን ማለፍ አለበት። በምሳሌያችን ማስታወቂያው ረቡዕ ዲሴምበር 31 ከገባ አራቱ ቀን ከሐሙስ እስከ እሑድ ነው፤ እንግዲህ ሰኞ ጃንዋሪ 5 ከመድረሱ በፊት ቲኬት መቁረጥ አደጋ አለው። ከመዝጋቢው ለቀብር የተሰጠ አረንጓዴ ወረቀት ካለዎትም ከቅጹ ጋር ለኮሮነሩ ይሰጣል።

ከዚህ በተጨማሪ የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መታሸቱን የሚገልጽ ወረቀት፣ ከተላላፊ በሽታ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ የሟቹ ፓስፖርትና የኤምባሲ ማረጋገጫ ይጠየቃሉ። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን የራሱ የበዓል ቀናት ስላሉት አስቀድመው ይደውሉ። በምሳሌያችን ረቡዕ ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ነው። ሰኞና ማክሰኞ ያልተጨረሰ ጉዳይ ከበዓሉ በኋላ ሊሻገር ይችላል። በአገር ቤት ያሉ ወላጆች «መቼ ይደርሳል?» ብለው ሲጠይቁ ወረቀቱ በእጅዎ ሳይገባ ቀን አይንገሯቸው። ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ከየገጠሩ ተጠርቶ አስከሬን ሳይደርስ ሲቀር ኀዘኑ እጥፍ ይሆናል።

መዝጋቢው ፊት ሲቀርቡ

ለማስመዝገብ መብት ያላቸው ዘመድ፣ የትዳር ወይም የኑሮ ጓደኛ፣ ሲሞት በቦታው የነበረ ሰው፣ የቤቱ ኀላፊና ቀብሩን የሚያስፈጽም ሰው ናቸው። ይህ በብቸኝነት ለሚኖሩ ወገኖቻችን ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ የሌለው ሾፌር ቢሞት ቀብሩን የሚያስፈጽመው የእድር ጓደኛው ቀርቦ ማስመዝገብ ይችላል። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሠራተኛ ግን በእርስዎ ምትክ አያስመዘግብም። የሟቹ ወይም የአስመዝጋቢው የመኖሪያ ፈቃድ ለምዝገባው ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ፈርቶ መቅረት የለበትም።

የሚጠየቁት የሞቱ ቀንና ቦታ፣ ሙሉ ስም፣ ቀድሞ የነበረ ሌላ ስም ካለ፣ የትውልድ ቀንና ከተማ፣ ሥራው፣ አድራሻው፣ የባለቤቱ ስምና ሥራ ነው። ፓስፖርት፣ የአድራሻ ማስረጃና የጋብቻ ወረቀት ካለ ይያዙ። እዚህ ላይ ለእኛ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። በፓስፖርት ሦስቱም፣ በባንክ ሁለቱ ብቻ፣ በሱቁ ኪራይ ውል ደግሞ በሌላ ፊደል አጻጻፍ የተጻፈ ይሆናል። በየቦታው የተጻፈውን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝረው ለመዝጋቢው ያሳዩ፤ «በዚህም ስም ይታወቅ ነበር» ተብሎ እንዲገባ ይጠይቁ። ሁለተኛው የትውልድ ዘመን ነው። የእኛና የእነርሱ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለያይ፣ በቃል ከመናገር ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቀን ይስጡ። ከመፈረምዎ በፊት እያንዳንዱን ፊደል ያንብቡ። ከፈረሙ በኋላ ስሕተት ለማረም ማስረጃ፣ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ምዝገባው ራሱ ነጻ ነው። ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ግን እያንዳንዱ 12.50 ፓውንድ ነው። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ኤምባሲና ጠበቃ ዋናውን ስለሚጠይቁ ሱቅ ወይም ታክሲ ያለው ቤተሰብ ቢያንስ አምስት ቅጂ ቢያወጣ ይመረጣል።

ሱቁ ምን ይሆናል?

መዝጋቢው «ቴል አስ ዋንስ» የሚባለውን የመንግሥት አገልግሎት መለያ ቁጥር ይሰጥዎታል። በዚህ ቁጥር አንድ ጊዜ ሲያሳውቁ መረጃው ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ለፓስፖርት ቢሮ፣ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪውና ለካውንስሉ ይደርሳል። ነገር ግን የሚሸፍነው የሟቹን የግል ግብር ነው። ቫትና ሌላውን የንግድ ግብር ለብቻ ማሳወቅ አለብዎት። የሟቹን የቫት ኀላፊነት የሚረከብ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይገባዋል።

ኦፍ ላይሰንስ ያላችሁ ደግሞ ይህን በቀይ አስምሩበት። የፕሪሚስስ ላይሰንሱ በሟቹ ስም ከሆነ በሞተበት ቅጽበት ይቋረጣል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ቢራ እንኳ መሸጥ ያለ ፈቃድ መሸጥ ነው። ሆኖም ላይሰንሱ ከተቋረጠ ማግሥት ጀምሮ በሚቆጠር 28 ቀን ውስጥ የሟቹ ሕጋዊ ተወካይ ወይም በቤቱ ላይ ሕጋዊ ጥቅም ያለው ሰው ለካውንስሉ የጊዜያዊ ኀላፊነት ማስታወቂያ ቢሰጥ ላይሰንሱ እንደገና ይነሣል፤ እስከ ሦስት ወርም ያገለግላል። በዚያው 28 ቀን ውስጥ ላይሰንሱ ወደ ሌላ ሰው እንዲዛወር ማመልከትም ይቻላል። በዓላቱ ከ28ቱ ቀን አይቀነሱም። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ቀን ዲሴምበር 25፣ የመጨረሻው ጃንዋሪ 21 ነው። ካለፈ አዲስ ላይሰንስ እንደ አዲስ መጠየቅ ይሆናል። ሟቹ የመጠጥ ሽያጭ ኀላፊ ሆኖ የተመዘገበውም እርሱ ከነበረ በምትኩ የግል ላይሰንስ ያለው ሌላ ሰው መሰየም አለበት። ላይሰንሱ በሊሚትድ ካምፓኒ ስም ከሆነ ግን በዲሬክተሩ ሞት ብቻ አይቋረጥም።

ሌላው ገንዘብ ነው። የሟቹን የባንክ ካርድ በምስጢር ቁጥሩ አውጥቶ ለለቅሶ ወጪ ማድረግ በብዙ ቤት ይታያል። ይህ በወራሾች መካከል ጠብ፣ በሕግም ዘንድ ጥያቄ ያስነሣል። ባንኮች የቀብር አስፈጻሚውን ሒሳብ ሲያዩ ከሟቹ ሒሳብ ላይ በቀጥታ ለድርጅቱ ሊከፍሉ ይችላሉ። ይህንን ይጠይቁ። በሱቁ ካዝና ያለውንም ገንዘብ በሁለት ሰው ፊት ቆጥረው ጽፈው ያስቀምጡ።

ታክሲው ምን ይሆናል?

መኪናውን ማንም ከማንቀሳቀሱ በፊት ለኢንሹራንሱ ይደውሉ። የመድኀኑ ባለቤት ሲሞት ኢንሹራንሱ ሊቋረጥ ይችላል፤ በስሙ የተጨመረ ሌላ ሾፌር እንኳ ላይሸፈን ይችላል። ለለቀስተኛ ማመላለሻ ብሎ መኪናውን ማውጣት የሚያስከትለው ቅጣት ቀላል አይደለም። የመንገድ ግብሩም ለአዲሱ ባለቤት አይተላለፍም። መኪናው በዱቤ የተገዛ ከሆነ ዕዳው እስኪያልቅ የፋይናንስ ድርጅቱ ንብረት ሊሆን ስለሚችል ሳያነጋግሩ አይሽጡት። የሾፌርነት ላይሰንስ የግል ነው፤ ለልጅ ወይም ለወንድም አይወረስም። የሟቹን የስልክ አፕ ከፍቶ ሌላ ሰው መሥራት ደግሞ ወንጀል ነው። ላይሰንስ ለሰጠው ባለሥልጣን አሳውቀው ባጁንና የመኪናውን ፕሌት በተመለከተ የሚሰጠውን መመሪያ ይከተሉ።

የባለቤት ቪዛና ድጎማ

በትዳር ቪዛ የሚኖር ሰው፣ የእንግሊዝ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የነበረ የትዳር ጓደኛው ሲሞት ቪዛው አለቀ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ባሏ ወይም ሚስቱ ለሞተበት ሰው የተዘጋጀ የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻ አለ። የቪዛው ዘመን ሳያልቅ ማመልከት ይገባል፤ ዋናው ማስረጃም የሞት የምስክር ወረቀቱ ነው። ይህን ከማድረግዎ በፊት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግሩ።

በተጨማሪ የጡረታ ዕድሜ ላልደረሰ የትዳር ጓደኛ የሚሰጥ የኀዘን ድጋፍ ክፍያ አለ። ሟቹ ቢያንስ በአንድ የግብር ዓመት ለ25 ሳምንት የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ከፍሎ ከነበረ፣ ልጅ የሌላት መጀመሪያ 2,500 ፓውንድ፣ ከዚያም እስከ 18 ወር ድረስ በየወሩ 100 ፓውንድ ታገኛለች፤ የልጅ አበል የሚገባት ደግሞ 3,500 ፓውንድና በየወሩ 350 ፓውንድ ታገኛለች። ከ2023 ጀምሮ ሳይጋቡ አብረው ልጅ ያሳደጉትም ተካተዋል። ሙሉውን ለማግኘት በ3 ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ይህ ክፍያ በመዋጮ የተገኘ ስለሆነ፣ ቪዛቸው ላይ «የሕዝብ ገንዘብ አይጠቀምም» የሚል የተጻፈባቸውን አይከለክልም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የቀብር ወጪ ድጎማ ግን ከሕዝብ ገንዘብ ይቆጠራልና ሁለቱን አያምታቱ።

ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ

አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ሱቅዎን ዘግተው ወይም መኪናዎን አቁመው ቤት ሲገቡ አንድ ፖስታ ያዘጋጁ። በውስጡ የሚከተሉትን ያስቀምጡ፦

1. የፓስፖርት፣ የጋብቻና የልደት ወረቀት ቅጂ፤ ስምዎ በየቦታው እንዴት እንደተጻፈ የሚያሳይ ዝርዝር።

2. የጂፒዎ ስልክ፣ የካውንስሉ ተረኛ መዝጋቢ ቁጥር፣ የመረጡት የቀብር አስፈጻሚና የእድሩ ስልክ።

3. የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ እዚህ ወይስ አገር ቤት፣ በጽሑፍ።

4. የፕሪሚስስ ላይሰንስ፣ የሱቅ ኪራይ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የፋይናንስ ውል ቁጥሮች፤ የሒሳብ ሠራተኛዎ ስም።

5. ኑዛዜ ካለ የተቀመጠበት ቦታ። ከሌለ እንዲኖር ጠበቃ ያነጋግሩ።

ፖስታውን የት እንዳስቀመጡት ለባለቤትዎ ወይም ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ። ማንም የማያውቀው ፖስታ በገና ሌሊት ለማንም አይጠቅምም። የእድር አመራሮችም የካውንስሉን የበዓል ስልክና የመቃብሩን የበዓል ሰዓት በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ጠይቀው ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ከጭንቀት ይድናል።

ከላይ የተጻፈው አጠቃላይ ትምህርት ነው። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታ ስለሚለያይ ክፍያና ደንብ ሲለወጥ ከካውንስሉ ወይም ከጠበቃ ያረጋግጡ። ለሁላችንም ረጅም ዕድሜ ይስጠን፤ ኀዘን ለደረሰባችሁም እግዚአብሔር ያጽናችሁ።